ተከታይ ሲበዛ ለምን እፈራለሁ? ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በግል ለሚጽፉ ጦማሪዎች የሕግ ከለላ ስለመጠየቅ

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ የፌስቡክ ገጼን ተከታዮች ቁጥር ሳይ 4,987 ይላል። ጦማሬ ላይ የማወጣውን ሁሉ የማጋራው በዚህ ገጽ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ የመጡ አንባቢዎች ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን 5,000 ሲሞላለት ጓደኞቹን ቡና ይጋብዛል። እኔ ግን አዲስ ተከታይ እንዳይገባ መዝጊያው የት እንዳለ ስፈልግ አመሸሁ።

ምክንያቱ ምክር ቤቱ በ2012 ያጸደቀው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185 ነው። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ያሰራጨበት ገጽ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ግን እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ጽሑፉ ያው ነው፣ ስህተቱም ያው ነው። የሚለየው የተከታዩ ቁጥር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ጋ የደረሰ ውሸት ብዙ ይጎዳል የሚለው ሐሳብ ይገባኛል። ውሸት ሰው ያስገደለበትን ጊዜ ሁላችንም አይተናል። ግን ይህ ድንጋጌ ተከታዬ 5,000 ካለፈ እኔን ከሬዲዮ ጣቢያና ከጋዜጣ እኩል ያስቀምጠኛል። ጣቢያው አርታኢ አለው፣ ጠበቃ አለው። እኔ ያለኝ ከሥራ መልስ የሚተርፈኝ ሰዓትና አንድ ላፕቶፕ ነው።

አዎ፣ እሳሳታለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ሰፈራችን መንገድ ስጽፍ በጀቱ ላይ አንድ ዜሮ ጨምሬ አወጣሁት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አንድ አንባቢ መልእክት ላከልኝ። «እህቴ፣ ሰነዱን ደግመሽ እይው» ይላል። ከአልጋዬ ተነስቼ ሰነዱን ከፈትኩ። አንባቢው ልክ ነበር። ቁጥሩን አረምኩና ጽሑፉ አናት ላይ «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ፤ ምን እንደተሳሳትኩም አስቀመጥኩ። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ቀን ያስጨነቀኝ አንባቢዎቼን ማሳሳቴ ነበር። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ የሚታየኝ ፖሊስ ጣቢያ ነው። እንዲህ የፈራ ሰው ደግሞ ስህተቱን በአደባባይ አያርምም። ጽሑፉን አጥፍቶ ዝም ይላል። ሕጉ የፈለገው ይህን አይመስለኝም።

ያ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ተደፈነ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም። ጉልት የሚቸረችሩት ጎረቤታችን ግን «የጻፍሽው ደረሰልን» ብለው ከገዛሁት ቲማቲም ላይ ሦስት ፍሬ መረቁልኝ። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሌላም ወገን አለው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ «ፖለቲካ ትጽፊያለሽ አሉ» ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ አልደወሉም። ኢንተርኔት በሰኔ 2012 ሲቋረጥ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለወራት ሲዘጉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ቆይቻለሁ። እሱ እንኳ ይቻላል። የሚከብደኝ እናቴ ናት። ጽሑፍ ባወጣሁ ቁጥር ማታ ትደውላለች። ስለ ጽሑፉ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። «ቤት ገባሽ?» ብቻ ነው የምትለው።

አትፍሪ ብላት አትሰማኝም፤ የሆነውን ታስታውሳለች። በሚያዝያ 2006 «ዞን 9» በሚል ስም በጋራ ይጽፉ የነበሩ ጦማሪዎች ሲታሰሩ ተማሪ ነበርኩ። ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች ተነስተው ነው፤ ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችን ነን ለማለት። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። የተከሰሱበት የሽብር ክስ አልጸናባቸውም፤ ግን ያ እስኪታወቅ ከዓመት በላይ ታስረዋል። እኔ ጦማሬን የከፈትኩት በሰኔ 2010፣ የ264 ድረ ገጾች እገዳ በተነሳ ሰሞን ነው። አስሮ ማጣራት ቀርቶ አጣርቶ ማሰር ይሆናል የተባልነውም በዚያው ወቅት ነበር። አምኜ ነው የጀመርኩት።

ተስፋው ሕግ ሆኖ የተጻፈበት ቦታ አለ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አንቀጽ 86 በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰው ለምርመራ ተብሎ በእስር ሳይቆይ በቀጥታ ክስ ቀርቦበት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ጥሩ አንቀጽ ነው። በዩቲዩብ የሚሠሩ ሰዎች ሲያዙ ግን «የተመዘገበ መገናኛ ብዙኃን አይደለም» የሚል ክርክር ሲነሳ ሰምተናል። እንግዲህ ሲቀጡኝ ከጣቢያ እኩል ነኝ፤ ከለላው ሲመጣ ግን ምዝገባ ልጠየቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ፈቃድ ላለው ብቻ አላለም።

ስለዚህ የአንቀጽ 86 ከለላ ያልተመዘገበ ግለሰብ ጸሐፊንም እንደሚያካትት በአዋጁ ላይ በግልጽ ይጻፍልን። ከፖሊስም ሆነ ከዳኛ ትርጉም ጋር የሚቀያየር አይሁን። በአዋጅ 1185 ውስጥ ያለው የ5,000 ተከታይ መስፈርትም እንደገና ይታይ። ቢያንስ ስህተቱን ወዲያው በግልጽ ያረመ ሰው በተከታዩ ቁጥር ቅጣት አይክበድበት።

ይህ ደብዳቤ ጦማሬ ላይ ይወጣል። መልስ ከላካችሁልኝ፣ ብትቃወሙኝም እንኳ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ እዚያው አወጣዋለሁ።

ገጼን እስካሁን አልዘጋሁትም። ዛሬ ጠዋት 4,991 ይላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጦማሪ
አዲስ አበባ