የቤት ብድር ክፍያ ስላለፈባችሁ አባላት

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የቤት መግዣ ብድር ክፍያ ስላለፈባችሁ ለመመካከር እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ በተለመደው ቦታ እንገናኝ።

ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በጨረታ መሸጥ ይችላል። የሚጠበቅበት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ከተበዳሪው ጫንቃ አይወርድም። ከተረፈ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናታችን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ፈቅደውልኝ ነው የምነግራችሁ። ፖስታው ሳይከፈት መሶብ ሥር 18 ቀን ከርሟል። ቀኑ ግን እየተቆጠረ ነበር። እባካችሁ፣ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ በዚያው ቀን ክፈቱት። የክፍያ ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ የሚሻለው ጨረታ ሳይወጣ ነው።

የብድር ውላችሁን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የደረሳችሁን ደብዳቤ ሁሉ ይዛችሁ ኑ። ዋስ የሆናችሁም አትቅሩ፣ ዕዳው እናንተንም ይነካል። አብሽሩ፣ ማንንም ለማሳፈር አይደለም።

የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ «እመጣለሁ» በሉ። በሰው ፊት መናገር የከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።