ቬበር «እስር ቤት» አላለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቢሮክራሲ የጻፉት አምደኛ ጀርመናዊውን የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማክስ ቬበርን ጠቅሰው ዘመናዊው ሰው «የብረት እስር ቤት» ውስጥ ነው ብለዋል። ጽሑፋቸውን ወድጄዋለሁ። ስህተቱም የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ እኔም ሶሲዮሎጂ ሳስተምር ዓመታት ሙሉ ሰሌዳው ላይ ፍርግርግ እየሣልኩ፣ መሐሉ አንድ ቀጭን ሰው እያቆምኩ ይህንኑ ደግሜያለሁ፤ ጀርመንኛ የሚያውቅ ተማሪዬ «መምህር፣ ፍርግርጉ ከየት መጣ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ።

የመጣው ከአሜሪካ ነው። ቬበር በ1904 እና በ1905 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮቴስታንት እምነትና ስለ ካፒታሊዝም ባሳተመው ጥናት ያሰፈረው «ሽታልሃርተስ ጌሆይዘ» የሚል ነው። አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ ቬበር በሞተ በ5ኛው ዓመት ጀርመን አገር ሃይደልበርግ ሄዶ ተማረ፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ሥራውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስም «አይረን ኬጅ» (የብረት ፍርግርግ) አለው። ጌሆይዘ ግን ቀንድ አውጣ ተሸክሞት የሚሄደው ቅርፊት፣ የሰዓት ወይም የማሽን ሽፋን ነው። ብረቱም ተራ ብረት ሳይሆን አረብ ብረት።

የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቬበር እዚያው ላይ እንግሊዛዊውን ሰባኪ ሪቻርድ ባክስተርን ይጠቅሳል፦ የዚህ ዓለም ሀብት ለጻድቅ፣ በፈለገ ጊዜ ከትከሻው አውልቆ እንደሚጥለው ስስ ካባ ይሁንለት ይላል። የጠነከረው ያ ካባ ነው። ካባ ደርቆ ቅርፊት ይሆን ይሆናል፣ እስር ቤት ግን አይሆንም። እስረኛ በሩ ቢከፈትለት ይወጣል፤ ቀንድ አውጣን ከቅርፊቱ ብታላቅቁት ይሞታል።

ፓርሰንስን አልወቅስም። ቃሉ በአሜሪካ የራሱን ኑሮ ኖሯል፤ ዲማጂዮና ፓውል የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን ድርጅቶች ለምን እየተመሳሰሉ እንደሚሄዱ በ1983 እ.ኤ.አ. ለጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ ርዕስ የሆነው እሱው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን «እንደ አረብ ብረት የጠነከረ ቅርፊት» ወደሚለው ተመልሷል።

እኔን የሚቆጨኝ የአሜሪካኖቹን ቬበር ጀርመናዊው ነው ብለን መቀበላችን ነው። ደግሞ እኮ ከእንግሊዝኛው የሚሻል ቃል አለን፦ ቀፎ። ንብም የሚኖርበት፣ የስልክም አካል ቀፎ ነው የሚባለው። አምደኛው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው «የአረብ ብረት ቀፎ» የሚለውን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። ያ ተማሪዬ «ንብ እኮ ከቀፎው ይወጣል» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ለእሱ ገና መልስ አላዘጋጀሁም።

ጡረታ የወጣ የሶሲዮሎጂ መምህር