ዝንጅብል ጥሩ ነው፣ ግን ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሐኪም ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። እኛ ቤት ጉንፋን ሲገባ ዝንጅብል ተወቅጦ ይፈላና ማርና ሎሚ ይጨመርበታል፣ ጉንፋኑን ባያድነውም ጉሮሮ ያለሰልሳል። እኔን የገረመኝ ግን እህቴ ስታረግዝ ነው፣ ማቅለሽለሹ የምግብ ሽታ እንኳን አላስጠጋ ሲላት ሐኪሟ ዝንጅብል ሻይ ቀጠን አርገሽ ሞክሪ አለቻት፣ ሳምንት ሳይሞላ ፍርፍር በላች፣ እናታችን እልል ነው ያለችው። በጥናትም በደንብ የታየው ጥቅሙ ይሄው የማቅለሽለሹ ነገር ነው፣ በቀን 1 ግራም ገደማ ዱቄት ይበቃል። የሚያቃጥለው በውስጡ ያለው ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን ሲደርቅ ወደ ሾጋኦል ይቀየራል፣ እሱ ደሞ ይብሳል፣ ለዛ ነው የደረቀው ምላስ የሚፈጀው።

አሁን የጻፍኩበት ዋናው ጉዳይ፣ አባቴ ለልቡ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ጠዋት ጠዋት ጠጣ ይለዋል፣ ዝንጅብል ሲበዛ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሆኖ መድማት ሊያመጣ እንደሚችል የሚነግረው የለም። ወጥ ውስጥ የሚገባው ትንሹ አያሳስብም፣ በብርጭቆ የሚጠጣው ነው። እባካችሁ በጤና አምዳችሁ ይሄን ፋርማሲስት ጠይቃችሁ ጻፉልን።