ለነርሶቻችን ፈቃድ የጥናት ገንዘብ እናዋጣ

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እህት አለችን። ጎንደር ስምንት ዓመት በነርስነት አገልግላ ነው የመጣችው። እዚህ አሜሪካ ግን ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ናት፤ ገላ ታጥባለች፣ ልብስ ታለብሳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። አንድ ሌሊት የአንድ አዛውንት አተነፋፈስ ሲለወጥ ቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች። የሚሰጠውን መድኃኒት ከነመጠኑ ታውቀዋለች። የተፈቀደላት ግን ኮሪደሩን ሮጣ ተረኛዋን ነርስ መጥራት ብቻ ነው።

በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት በ2023 የሲኤንኤ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 38 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የአርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) 86 ሺህ ገደማ ነበር። ልዩነቱ በሃያ ዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ጡረታም አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) የሚያሰላው ከፍተኛ ገቢ የተገኘባቸውን 35 ዓመታት ይዞ ነው። በ38 ዓመቱ የመጣ ሰው እስከ 67 ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ 29 ዓመት ብቻ ይሞላል፤ የቀሩት ስድስቱ በዜሮ ይገባሉ። በዚያ ላይ የሠራባቸው ዓመታት በአነስተኛ ደመወዝ ካለፉ እርጅናው ምን ይሆናል?

እንደ እሷ ያሉ ነርሶቻችን ትምህርቱ አላቸው፤ ፈቃዱን እንዳያገኙ የያዛቸው የቤት ኪራይና አገር ቤት እጃቸውን የሚጠብቅ ቤተሰብ ነው። የማስረጃ ማስገምገሚያው፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ 200 ዶላር የኤንክሌክስ (የነርስነት ፈቃድ ፈተና) መመዝገቢያው አንድ ላይ ሲመጡ አቅም ያሳጣሉ። ከሁሉም የሚብሰው የጊዜ እጦት ነው። ይህችው እህታችን መጽሐፏን የምትገልጠው ከሌሊት ሽፍት ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ይዟት ፌርማታዋን አልፋ ሄዳለች።

ስለዚህ እንደ እቁብ የሚዞር የጥናት ገንዘብ ልናቋቁም ተነሥተናል። ለመጀመሪያዎቹ 6 ሰዎች 18 ሺህ ዶላር ያስፈልገናል። ክፍያዎቹን እንሸፍናለን፤ ሁለተኛ ሥራቸውን ለሁለት ወር ትተው እንዲያጠኑም የቤት ኪራይ እንደጉማለን። ፈቃድ አግኝቶ ሥራ የጀመረ ሰው የወሰደውን ያለ ወለድ በሁለት ዓመት ይመልሳል፤ ገንዘቡ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል።

50 ዶላርም 100 ዶላርም፣ በየወሩ 20 ዶላርም ይሁን፣ የምትችሉትን አዋጡ። አርኤን የሆናችሁ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ አስጠኑልን፤ እናንተ ያለፋችሁበትን መንገድ የሚያውቅላቸው ሌላ ሰው የለም። በጥናቱ ሰዓት ልጆች የሚይዝልን ሰውም በጣም እንፈልጋለን።

መዋጮውን እሑድ እሑድ በማኅበሩ አዳራሽ ለገንዘብ ያዡ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። የገቢና ወጪው ዝርዝር በየወሩ እዚያው ይለጠፋል። ጥናቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ይጀመራል።