የኮንቴይነር ቤት ዋጋ በባዶው ሳጥን አይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ያገለገሉ የጭነት ኮንቴይነሮችን ወደ መኖሪያነት መለወጥ ለከተሞቻችን የቤት እጥረት ርካሽ መፍትሔ እንደሆነ በየጊዜው ሲነገር እሰማለሁ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ ኮንቴይነር ሱቅ፣ የጥበቃ ቤትና የግንባታ ቦታ ቢሮ ሆኖ ምን ያህል እንደጠቀመን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚመላለስ ሁሉ ያየዋል። ቅሬታዬ ሒሳቡ ከባዶው ሳጥን ዋጋ ተነሥቶ እዚያው በማለቁ ላይ ነው።

ማታ የሚዘጋ ሱቅና ቤተሰብ የሚያድርበት ቤት አንድ አይደሉም። ግድግዳው ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ በመሆኑ፣ እንደ ሰመራና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ደግሞ ስለሚቀዘቅዝ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ብረቱ ላይ ውሃ እየሆነ ይወርድና ሻጋታና ዝገት ያመጣል። ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከላከል ፎምና የውስጥ ልባስ የግድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ነገር ግን የተለመደው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የውስጥ ወርድ 2.35 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በየጎኑ አምስት ሴንቲሜትር ሲቀነስለት 2.25 ይቀራል፤ አልጋ ከተዘረጋ በኋላ የሚተርፈውን መተላለፊያ አንባቢ ራሱ ይለካው።

ጥንካሬውም ቢሆን በተሳሳተ መንገድ ይወደሳል። ኮንቴይነር መርከብ ላይ ሲደራረብ ጭነቱን የሚሸከሙት አራቱ የማዕዘን ምሰሶዎች ሲሆኑ፣ ሽንሽኑ ግድግዳ ደግሞ ሳጥኑን ከመወላገድ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ለመስኮት ሲቆረጥ፣ ይልቁንም ሁለቱን አገናኝቶ ሰፊ ሳሎን ለማግኘት አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ሲነሣ፣ በመሐንዲስ ስሌት መሠረት በቱቦላሬ ብረት ካልተጠናከረ አደጋ አለው። ይህ የሰፈር በያጅ በግምት የሚሠራው ሥራ አይደለም። የወለሉ ኮምፔርሳቶም ብዙውን ጊዜ በፀረ ተባይ ኬሚካል የታከመ በመሆኑ ሕፃናት ሳይድሁበት መነሣት ወይም በአግባቡ መታሸግ ይኖርበታል።

በምሳሌነት የሚጠቀሰው የአምስተርዳሙ የተማሪዎች መንደር ኬትቮነን ክፍሎቹ መታጠቢያና ማብሰያ ተሟልቶላቸው ቻይና ተሠርተው የመጡ ነበሩ፤ ከወደብ ተገዝቶ በር የተቆረጠለት ሳጥን ከእነርሱ ጋር አይወዳደርም።

ስለሆነም የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ለኮንቴይነር መኖሪያ የሙቀት መከላከያና የምሕንድስና ማረጋገጫ መስፈርት እንዲያወጣ፣ ሻጮችም ዋጋ ሲያስተዋውቁ የመሠረቱን፣ የክሬኑንና ኮንቴይነሩን የሚያጓጉዘውን የሎቤድ መኪና ወጪ ጨምረው እንዲናገሩ እንዲያስገድድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ