ብሩን አትላኪው

ልጄ፣

ትናንት የላክሽውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «እማዬ፣ ለአያቴ ቤት ውርስ ክርክር ያጠራቀምኩትን በሙሉ ልላክልሽና ጥሩ ጠበቃ ያዢ» ትያለሽ። ሁሉንም አትላኪው። ኩዌት በሰው ቤት አራት ዓመት የለቀምሽውን በአንድ ጠዋት ለማንም አላስረክብም። ደግሞም ጠበቃ አግኝቻለሁ። እንዴት እንዳገኘሁ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ አንድ ጉዳይ ገዳይ ያዘኝና ወደሚያውቀው ጠበቃ ወሰደኝ። ሰውየው ወረቀቴን እንኳ ሳያይ «ያለቀ ጉዳይ ነው፣ እናሸንፋለን» አለኝ። ከድርሻዬ አሥር በመቶ፣ ግማሹ ዛሬ። ቤቱ ገና አልተገመተም እኮ! የምኑን አሥር በመቶ ነው ብዬ ስጠይቀው ስልኩ ጠራ። እሱ ሲያወራ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛዋን ጠበቃ የጠቆመችኝ የእድራችን ጸሐፊ ናት፤ የጸሐፊዋን የውርስ ክርክር የያዘችላት እሷ ናት። ያስከፈለችኝ የምክሩን ብቻ ነው። ስለማሸነፍ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «ወረቀት አምጪ» አለችኝ። የአባባን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱን ካርታ ኮፒ፣ አጎትሽ «ብቸኛ ልጅ እኔ ነኝ» ብሎ ያወጣውን የወራሽነት ማስረጃ፣ እና እኔ የአባባ ልጅ መሆኔን የሚያሳይ። በእኔ ጊዜ የልደት ሰርተፊኬት ማን ያወጣ ነበር? የክርስትና ካርዴንና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቴን ከሳጥን ሥር ቆፍሬ አወጣሁ። የቀረውን ጎረቤት ይመሰክራል።

እሷ ባትነግረኝ የማላውቀው ነገር ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ወንድ ሴት የለም። እሱንስ አውቀው ነበር። ያስደነገጠኝ የዚሁ ሕግ ቁጥር 1000 ነው። መብቴንና አጎትሽ ንብረቱን መያዙን ካወቅሁ ጀምሮ ለመክሰስ ያለኝ ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ «ወንድሜን እንዴት እከሳለሁ» ስል፣ የሽማግሌ ስልክ ስመልስ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሽምግልናውን አልጠላሁትም፣ አሁንም በሩ ክፍት ነው። ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ሕጉ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ክፍያውን በጽሑፍ ውል አድርገነዋል። አንድ ክፍል አሁን፣ አንድ ክፍል ክሱ ሲከፈት፣ የቀረው ክፍያ ደግሞ ምስክር ከተሰማ በኋላና ፍርድ ሲሰጥ፤ ሁሉም በደረሰኝ። ይግባኝ ቢመጣ ለብቻው እንደሚከፈል፣ ፍርዱን ማስፈጸም ግን በዚሁ ውስጥ እንዳለ አስጽፌአለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ፈረዱልኝ ብሎ ሲደሰት ለአፈጻጸሙ ሌላ ብር ይጠየቃል። ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያም ከጠበቃው ውጭ ነው። ለወረቀቱ የምሮጠው እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ቀንሳልኛለች። እግሬ ገና ደህና ነው፣ አትስጊ። ፈቃዷንም አይቻለሁ። የፌደራል ነው፣ የዘንድሮ እድሳትም አለበት። ስጠይቃት ደስ አላት እንጂ አልተቆጣችም።

ይሄም ባይሆን ኖሮ ባዶ እጄን አልነበርኩም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር አቅም ለሌላት ሴት በነፃ ያግዛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው። የዳኝነቱን መክፈል ላቃተው ደግሞ በደሃ ደንብ መክሰስ አለ። ጡረታዬን ይዤ ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ ይሉኝታዬ ያዘኝ። ጠበቃዋ «ይሉኝታሽ ሁለት ዓመት አስከፍሎሻል» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ወንድምሽ «ውክልና ስጪኝ፣ እኔ እከራከራለሁ» ብሎ ነበር። ልጅ ለእናቱ ያለ ክፍያ መወከል ይችላል፤ ውልና ማስረጃ ሄዶ ማስመዝገብ ብቻ ነው። ግን ታውቂዋለሽ። አጎትሽ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲዋሽ ዝም የሚል ይመስልሻል? ዳኛው ሳያስወጣው አይቀርም። ስለዚህ ኮፒ እያስነሳ ምስክሮቹን በታክሲ ያመላልስልኝ፣ ይበቃዋል።

አንቺ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ላኪ፤ በባንክ ይሁን፣ በሰው እጅ አይሁን። የቀረው እዚያው ይቀመጥ። የራስሽን ቤት መሥሪያ ነው።

የአባባ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ወር ነው። አጎትሽ እሁድ ደውሎ «ድፎውን አንቺ ትደፊያለሽ?» አለኝ። እሺ አልኩት። መጥሪያው ሳይደርሰው ግን ራሴ ልነግረው ነው። በዚያን ቀን ሳይሆን በፊት፣ ሌላ ሰው በሌለበት። ምን ብዬ እንደምጀምር ገና እያሰብኩ ነው፤ ሲደወልልሽ አንሺ።

እናትሽ