ያ ክራር ከቁም ሳጥኑ ላይ ይውረድ

ወንድም ዓለም፣

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር…» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ገና ከመጀመሪያው መስመር ስትስቅብኝ ታየኝና ተውኩት። ጠፋሁ፤ ይቅር በለኝ። ከለገሃር ጀሞ ምን ያህል ነው ብለህ ከመውቀስህ በፊት ግን፣ መንገዱ ከዚያም ወደዚህ እንደሚያመጣ አስታውስ።

ናፍቆት ብቻ አይደለም ያጻፈኝ፤ ጉዳይ አለኝ። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ 60 ዓመታቸው ሞልቶ በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሽኝቱ በዚያው ሰሞን ዓርብ ቀን ነው፤ ያው ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለምናርፍ፣ ከዚያ ሌላ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን የለም። ኮሚቴው «ከስልክ ሙዚቃ ከምንከፍት» ብሎ ክራር ጠየቀኝ፤ እኔም «ሁለት ክራር ይኖራል» አልኩ። ሁለተኛው አንተ ነህ። ጠየቅሁህ? አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ ምን እንደምትል ስለማውቅ ነው መጀመሪያ ቃል የገባሁት።

አባባ ካረፉ ወዲህ እጅህን እንዳላሳረፍክበት አውቃለሁ። እንዴት እንደምለው ግን… ዓመቱም አልፏል፣ ተዝካሩም ወጥቷል፤ እሳቸውም ቢሆኑ በር ዘግተህ ስትመታ ኮሪደር ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩ ሰው ናቸው። ካልሆነልህ «አይሆንልኝም» ብለህ በአንድ መስመር ላክልኝ፤ ለምን አልልህም። ጾም ነው ብለህ ግን እንዳታመልጠኝ፤ «የሰኔ ጾም የቄስ ነው» እያልክ ቁርጥ ስታስጎርሰኝ የኖርከው አንተ ነህ።

እሺ ካልክ ያኔ «ክሩ አልያዝ አለኝ» ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሱ ይኸውልህ። ትንሽ ዘገየ። መቃኘቱን ሁልጊዜ ለእኔ ጥለህ ግርፍ ብቻ፣ ክሮቹን ባንዴ መምታቱን፣ ስለለመድክ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከክሩ በፊት ቆዳውን እይ። መሐሉን በጣትህ ጫፍ መታ መታ አድርገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። እርጥብ ካርቶን የመታህ ከመሰለህ እርጥበት ጠጥቷል። ቆዳው ሲላላ ብርኩማው፣ ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት፣ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ብርኩማው ሲሰምጥ ስድስቱም ክሮች አንድ ላይ ይወርዳሉ። «ማታ ቃኝቼው ጠዋት ወርዶ አገኘሁት» ያልከኝ አብዛኛው በዚህ ነው፤ ክሩ የሚጠመጠምበትን መቃኛ ያለ ጥፋቱ ስትረግመው ነበር። ከሰል ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታሙቀው፤ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይኮማተርና ከተጠፈረበት ቀዳዳ ይተረተራል። መኝታ ቤት ወስደህ ከውጭኛው ሳይሆን ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ስቀለው። በክረምት ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ከውስጥም ቢሆን ይቀዘቅዛል፣ ያረጥባል። ከወጥ ቤትም ይራቅ፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የምጣዱ እንፋሎት ከዝናብ አያንስም።

ቆዳው ተቀዶ ከሆነ በማጣበቂያ አትድከም። ፀጉሩ የተፋቀ ጥሬ የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ አድሮ፣ እርጥብ እንዳለ ተወጥሮ ይጠፈራል፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል እንጂ ፀሐይ አያየውም። ይህን ለሠሪ ስጠው። በነገራችን ላይ የአንተ ክራር ከቸርችል ጎዳና ለቱሪስት ከተደረደሩት መሐል የተገዛ ነው፤ የተሠራው ለግድግዳ ነው ብዬህ ነበር። ቢሆንም ይድናል።

መቃኛው ራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ነቅለህ የሚፋተገውን ቦታ ጠመኔ ቀባው፤ ይይዛል። አልዞር ካለ ተቃራኒውን፣ ደረቅ ሳሙና። ዘይት የሚባል ነገር እንዳታስጠጋ፤ እንጨቱ ከጠጣው በኋላ ጠመኔም አይመልሰው።

አሁን ክሩ። የሽቦ ክር ይቅርብህ፤ ድምፁ ይጮኻል፣ ግን ያ በሙጫ የተያያዘ ምሰሶህ ውጥረቱን የሚችል አይመስለኝም። ከመርካቶ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ግዛ፤ ለሁለቱ ቀጫጭኖች 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኞቹ 0.8፣ ለሁለቱ ወፍራሞች 1 ሚሊ ሜትር። የክላሲክ ጊታር ሦስቱ ቀጫጭን ክሮችም ከዚሁ ልክ ናቸው፤ ካገኘህ እነሱ ይሻላሉ፣ ውፍረታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። የድሮውን ክር ሁሉንም ባንዴ አትፍታ! አንዱን ፈትተህ አንዱን እሰር። ባንዴ ከፈታህ ብርኩማው ይወድቃል፤ ቦታውን ስታጣ ግማሽ ቀን ይበላሃል። መቃኛው ላይ ቢያንስ ሦስት አራት ዙር ይጠምጠም፤ ከዚያ ያነሰ ይንሸራተታል።

አዲስ ናይለን ለቀናት ይለጠጣል። ስለዚህ ለዓርብ ሐሙስ ማታ ክር የሚቀይር ሰው እንዳትሆን፤ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይታሰር። ቃኘው፣ እያንዳንዱን ክር መሐሉ ላይ ይዘህ በቀስታ ሳብ ሳብ አድርገው፣ ይወርዳል፣ እንደገና ቃኘው። መውረዱን እስኪያቆም ይኸው ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

ቅኝቱን በትዝታ ሜጀር እናድርገው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ስድስተኛው የላይኛው ዶ። ስልክህ ላይ መቃኛ አፕ ጫን፤ ፊደሎቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ናቸው። ክሩ ከታች ወደ ላይ እየተወጠረ እንጂ ከላይ ወደ ታች እየላላ አይቃኝ፤ ከላይ የመጣ ክር ሁለት ዘፈን ሳይሞላ ይከዳሃል። ካለፍክ አላልተህ እንደገና ውጣ።

እዚህ ላይ ክርክር እንደምታነሳ አውቃለሁ፤ ባቲ ካልተመታ ልትለኝ አይደል? ስማ። ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሜጀር ለመሄድ ሬን ወደ ሚ፣ ሚን ወደ ፋ፣ ላን ወደ ሲ (በአፑ ፊደል ቢ) ማውጣት አለብህ፤ ሦስት ክር፣ ሁለቱ በሙሉ ድምፅ። ናይለን በዚያ ፍጥነት ሲወጣ ተመልሶ መውረዱ አይቀርም፤ ሰው ሳህን ይዞ እያየህ መድረክ ላይ ስትቃኝ ልትከርም ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ግን ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ማውረድ ብቻ ይበቃል። በሜጀር ጀምረን አንድ ማይነር እናስገባና እትዬን ትንሽ እናስለቅሳቸው፤ መጨረሻውን ወደ ሜጀር መልሰን በጭብጨባ ሞቅ እናድርገው። አንቺሆዬን አታንሳብኝ፤ ያንን በዚያ ግርግር መሐል በጆሮ ለመቃኘት እኔም ድፍረቱ የለኝም።

ሥራውን እንዲህ እንከፋፈል፦ እኔ ድርድሩን፣ ክሩን አንድ በአንድ፤ አንተ ግርፉን። ግራ እጅህ ስድስቱንም ክር አፍኖ ይቀመጥ፤ የሚፈለገው ክር ላይ ያለው ጣት ብቻ ይነሳ። ጣት አምስት፣ ክር ስድስት ነው፤ አንዱ ጣት ሁለት መጠበቁ ግድ ነው፣ የሚሳሳተውም እሱ ነው። እዚያው ጣት ላይ ዋል። ቀኝ እጅህ ደግሞ አይበርታ፤ ሲጠነክር የታፈኑት ክሮች ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራሉ።

«ጊዜስ?» ልትል ነው። ሰኔ ለእኛ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ በጀቱ እንዳይመለስ ዓመቱን ሙሉ የተኛ የክፍያ ሰነድ ሁሉ ከእንቅልፉ ነቅቶ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ መለማመድ የሚባል ነገር አይታሰብ። ማታ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ አምስቱ ለመቃኘት፣ አሥሩ ለግራ እጅ ብቻ፣ አምስቱ ለዘፈን። ከዘፈኑ ከጀመርክ ሃያዋ ደቂቃ እዚያው ታልቃለች፣ ጣትህ እንዳለ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ የመታ እጅ ይዘህም ወዲያው አትግባበት፤ ራት ብላ፣ ለብ ባለ ውኃ ዕቃ እጠብ፣ ጅማትህ ይላላል። ባለቤትህ ይህን ብታነብ ክራሩን የምትጠላው አይመስለኝም። በጥፍር እንዳትመታ ብቻ፤ ሳሙና ውስጥ የቆየ ጥፍር ይለሰልሳልና በመምቻ ምታ።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብርኩማው አጠገብ ከክሮቹ ሥር የታጠፈ የጥጥ ጨርቅ ሸጎጥ አድርግ። ድምፁ ለራስህ ብቻ ይሰማል፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ እንደሁ የጎረቤት ማንኮራፋት የሚያሳልፍ ነው። ያው ጨርቅ ታክሲ ላይም ያገለግልሃል። ክሮቹን በግማሽ ዙር አላላ፣ ቀንበሩን፣ መቃኛዎቹ ያሉበትን አግዳሚ እንጨት፣ ወደ ላይ አድርገህ በጉልበቶችህ መሐል ያዘው፤ ከኋላ ወንበር አትቀመጥ፣ ሰው ሲወርድ ሲወጣ መቃኛውን ይገጨዋል።

ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ልምጣ? ጠመኔና ትርፍ ክር እኔ ይዣለሁ። ቡና አታስቸግሯት ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ ይፈላ። ከዚያ በፊት ግን ቆዳውን መታ አድርገህ ድምፁን በስልክ ቀድተህ ላክልኝ፤ የተቀደደ ከሆነ እስከ ሽኝቱ ሠሪ የምንፈልግበት ጊዜ እንዲኖረን እስከ ረቡዕ ልወቅ።

ያንተው፣
ያው እኔ